ሲሚንቶ፣ ቀለምና ሲሊኮን የተለጠፈበት መስኮት፦ በውሃ፣ በምላጭ፣ በአቼቶ፣ በቲነር ወይስ በአሲድ?

ቤት አሠርቶ ወይም ኮንዶሚኒየም ተረክቦ ውስጡን ያስጨረሰ ሰው መስኮቱን የሚያስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ልስኑ ደርቋል፣ ጄሶው ተሠርቷል፣ ቀለሙ ተቀብቷል፣ ሴራሚኩ ተነጥፏል፤ መስታወቱ ግን የሁሉንም ፍንጣሪ ይዞ ቀርቷል። ያን ጊዜ አንዱ ምላጭ፣ ሌላው የድስት ሽቦ፣ ሦስተኛው ለሽንት ቤት የተገዛ አሲድ ይዞ ይመጣል። ሦስቱም ቆሻሻውን ያነሳሉ። ሁለቱ ግን ከቆሻሻው ጋር መስኮቱንም ያበላሻሉ፤ ምላጩም ቢሆን አያያዙን ለማያውቅ ሰው አይሰጥም። የተጫረ መስታወት በማጠብ አይመለስም፣ አሲድ ያነጣውን አሉሚኒየም የሚመልስ ክሬምም የለም።

ስለዚህ ማጽጃ ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ይለዩ፦ የተለጠፈው ምንድን ነው? የተለጠፈበትስ? ጠንካራው ማጽጃ ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም። ከስር ያለውን ሳይነካ ከላይ ያለውን የሚያነሳው ነው የሚመረጠው።

የተለጠፈውን መለየት

በጥፍር ሲጫኑት ነጭ ዱቄት የሚሆነው ጄሶ ነው። ጄሶ በውሃ ይላላል፤ እርጥብ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ካረፈበት በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሳል። አቼቶ ቢጨምሩበት ከውሃው የተለየ ነገር አያደርግለትም። ግራጫ ሆኖ በጥፍር የማይበገረውና አሸዋ ያለበት የሚመስለው ሲሚንቶ ነው። የሴራሚክ መገጣጠሚያ መሙያ (ግራውት)ም ከዚሁ ወገን ነው።

ቀለም ከሆነ ጥጥ በአልኮል ነክረው አንዱን ጠብታ ይሹት። ቀለሙ ወደ ጥጡ ከመጣ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ነው፤ ካልመጣ የዘይት ቀለም ወይም አንቲረስት (የብረት ዝገት መከላከያ ቀለም) ይሆናል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቲነር በከንቱ ቤት ውስጥ ከማፍሰስ ያድናል።

የሚለጠጥና ጎማ የመሰለው ሲሊኮን ነው። ቢጫ ሆኖ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ደግሞ ፍሬሙ ሲተከል የተረጨው ፎም ነው። ሁለቱም አንዴ ከደረቁ በኋላ የሚያሟሟቸው የቤት ውስጥ ፈሳሽ የለም። አሴቶን ፎምን የሚያጸዳው ገና እርጥብ ሳለ ብቻ ነው፤ ከደረቀ መቁረጥና መፋቅ ነው ያለው።

በመጨረሻም ትንንሽ ቡናማ ነጠብጣቦች። ዝገት ይመስላሉ፣ ዝገትም ናቸው፤ ግን ላዩ ላይ ብቻ የተለጠፉ አይደሉም። መስኮቱ አጠገብ ብረት በግራይንደር ሲቆረጥ ወይም ሲበየድ የሚፈናጠረው የጋለ ብናኝ መስታወቱን አቅልጦ ይገባበታል፤ ቆይቶ ይዝጋል። ይህን የሚያነሳ ሳሙና፣ አሲድም ሆነ ምላጭ የለም። ብናኙ ቢነሳ እንኳ ጉድጓዱ ይቀራል። ስለዚህ ይህን ችግር ከጽዳት ሠራተኛ ሳይሆን ከብየዳ ሠራተኛው ጋር ይነጋገሩበት፤ ገና ሥራው ሳይጀመር።

ውሃ፦ ሁሉም የሚዘለው የመጀመሪያ ምርጫ

የመስታወት ጥንካሬ በሞህስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6 ገደማ ነው። በአሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ አቧራ የያዘን መስታወት በደረቅ ጨርቅ መወልወል በአሸዋ መፈተግ ማለት ነው። በብዙ አዳዲስ ቤቶች ላይ ፀሐይ በጎን ስትገባ የሚታዩት ክብ ክብ ጭረቶች የመጡት ከምላጭ ሳይሆን ከዚህ ውልወላ ነው።

ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው። መጀመሪያ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይዘው ከላይኛው የፍሬም ጠርዝ ጀምረው አቧራውን ወደ ታች ያራግፉ፤ ቫኪዩም ካለ የታችኛውን ሐዲድ ይምጠጡ። ከዚያ በ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይጨምሩ። ኦሞ በዚህ ሥራ አይመከርም፤ ያልሟሟው ዱቄት ይጭራል፣ ሲደርቅም ነጭ ምልክት ይተዋል። መስታወቱን በደንብ ያርሱና 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ መድረቅ ከጀመረ እንደገና ያርሱ። ከዚያ ሳይጫኑ በስፖንጅ ያውርዱ፣ በንጹሕ ውሃ ያጥቡ።

ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ስፖንጁ ለሚታጠብበት። በአንድ ባልዲ የሚሠራ ሰው ያነሳውን አሸዋ መልሶ እየቀባ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሥራውን ውሃ በሚመጣበት ቀን ያድርጉት ወይም ሮቶው ሙሉ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በውሃ እጥረት የተጣደፈ ጽዳት ነው መስታወት የሚያበላሸው። ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው መስኮት ላይም አይሥሩ። ሳሙናው ሳይነሳ ይደርቃል። የምሥራቁን መስኮት ከሰዓት፣ የምዕራቡን ጠዋት ይሥሩ።

በብዙ ቤቶች ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቆሻሻ በዚህ ደረጃ ያልቃል። የሚቀጥሉት ማጽጃዎች ለቀረው ብቻ ናቸው።

ምላጭ ወይስ የድስት ሽቦ?

ሽቦውንና አረንጓዴውን የዕቃ መፈተጊያ ከነጭራሹ ይተዉት። ፍንጣሪውን ያነሳሉ፣ ግን በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያደበዝዛሉ፤ የሽቦው ብጣሽም ፍሬሙ ላይ ቀርቶ ይዝጋል።

ምላጭ በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሦስት ሁኔታዎች ከተሟሉ። አንደኛ፣ መስታወቱ ቀድሞ የታጠበና አሁንም በሳሙና ውሃ የራሰ ይሁን። ሁለተኛ፣ ምላጩ አዲስ ይሁንና እጀታ ይኑረው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የመስታወት መፋቂያ ከቀለም ሱቅ ይገኛል። በጣት የተያዘ የጺም ምላጭ ይጎብጣል፣ ማዕዘኑ ይጭራል፣ እጅም ይቆርጣል። ሦስተኛ፣ ወደ 30 ዲግሪ አጋድመው ወደ ፊት ብቻ ይግፉ። ወደ ኋላ ሲጎትቱት ከስሩ የገባው አሸዋ መስታወቱን እየጫረ ይመለሳል። ገፍተው ሲጨርሱ ያንሱ፣ ምላጩን በጨርቅ ይጥረጉ፣ ከቀድሞው ግፊት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ደርበው እንደገና ይግፉ። በየመስታወቱ ምላጭ ይቀይሩ። ከመስታወቱ አንጻር የምላጩ ዋጋ ኢምንት ነው።

ምላጭ የማይነካቸው መስታወቶች አሉ። ጥግ ላይ የፋብሪካ ማኅተም ያለው ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ) መስታወት ሲጋገር ትንንሽ የመስታወት ቅንጣቶች በአንዱ ገጹ ላይ ሊጣበቁ ይችላሉ፤ ምላጩ እነሱን ነቅሎ ከላይ እስከ ታች በመጎተት ረጅም ጭረት ያወጣል። ፊልም የተለጠፈበት መስታወትም እንዲሁ በምላጭ አይነካም።

ሪፍሌክቲቭ መስታወት ላይ ደግሞ አንጸባራቂው ሽፋን በየትኛው ገጽ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። የእስክሪብቶ ጫፍ መስታወቱ ላይ ያሳርፉ። ጫፉና ምስሉ ከተነካኩ ሽፋኑ በእርስዎ በኩል ነው፤ በመካከላቸው ክፍተት ከታየ በሌላው ገጽ ነው። ሽፋኑ ባለበት ገጽ ላይ ምላጭ፣ አቼቶም ሆነ ዱቄት ማጽጃ አያስነኩ፤ ሳሙና፣ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ።

ለፕላስቲክ ቀለም ጠብታ፣ ለሲሊኮንና ለፎም የምላጩን ያህል የሚሠራ የለም። ሲሊኮኑ ከተፋቀ በኋላ የሚቀረውን ቅባት መሳይ ምልክት በአልኮል ይወልውሉት። ለወፍራም የሲሚንቶ ጉብታ ግን ምላጭ አይበቃም፤ አሸዋው ስለቱን ይሰብረውና የተሰበረው ስለት ራሱ ይጭራል። እዚያ ላይ ነው አቼቶ የሚመጣው።

አቼቶና አሲድ፦ ሁለቱም ጎምዛዛ ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም

የደረቀ ሲሚንቶን የሚያያይዘው በአብዛኛው የካልሲየም ውሁድ ነው፤ አሲድ ያንን ያሟሟል፣ አሸዋው ግን አይሟሟም። አቼቶ ወደ 5 በመቶ የሚሆን አሴቲክ አሲድ ያለው ደካማ ፈሳሽ ነው። ቀስ ብሎ ይሠራል፤ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው።

አቼቶና ለብ ያለ ውሃ እኩል ይቀላቅሉ፤ በጣም ለጠነከረው አቼቶውን ሳይበርዙ ይጠቀሙ። የወጥ ቤት ወረቀት ወይም ቀጭን ጨርቅ ነክረው ጉብታው ላይ ይለጥፉ፤ እንዳይደርቅ በላዩ ላይ ፌስታል ይሸፍኑ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይተው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ጠርዝ ይግፉት። ጫፉ ብቻ ከለቀቀ ይድገሙት እንጂ ጉልበት አይጨምሩ። ሦስት ጊዜ ተለጥፎ የሚለቅ ሲሚንቶ በአንድ ጊዜ ጉልበት ከሚለቀው ይሻላል፤ የመጀመሪያው አሸዋውን ሳይጎትት ይወርዳል። ሲጨርሱ ብዙ ውሃ ያፍስሱበት። ፍሬሙ አሉሚኒየም ከሆነ አቼቶው ጠርዙ ላይ አይቆይ።

ብዙ ሰው የሚረሳው የመስኮቱን ደፍ ነው። ደፉ እብነ በረድ ወይም ተራዞ ከሆነ የአቼቶ ጠብታ እንኳ የተወለወለውን ገጽ በልቶ ደብዛዛ ክብ ይተዋል። አስቀድመው በፕላስቲክ ይሸፍኑት፣ ከጠርዙ በወረቀት ፕላስተር ያያይዙት።

አሲዱስ? ለሽንት ቤትና ለሴራሚክ የሚሸጠው ጠንካራ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ሲሚንቶውን በአንድ ደቂቃ እያፈላ ያነሳዋል፤ ሠራተኞች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ነገር ግን አሉሚኒየሙን ይበላል፣ የኤልቲዜድ ብረቱን (የብረት መስኮት ፍሬሙን) ያዝጋል፣ ማጠፊያውንና ብሎኑን ያበላሻል፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። ጭሱ ብቻውን እንኳ ብረት ያዝጋል፤ ወለሉ በአሲድ ታጥቦ መስኮቱ ተዘግቶ ያደረ ክፍል ውስጥ ንጹሕ የነበረው ማጠፊያ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሴራሚክ በአሲድ የሚታጠብ ከሆነ ከመስኮት ጽዳት በፊት ይታጠብ፣ መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተው ይዋሉ፣ ወዲያው ፍሬሞቹ በውሃ ይጥረጉ።

በመስኮት ላይ አሲድ የሚገባበት ቦታ የለም። በተለይ ስሙ ያልተጻፈበት «ሁሉን ያነጣል» የሚባል የዝገት ማስለቀቂያ አይግዙ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ የሚገኘው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ መስታወትን ራሱን የሚያሟሟ ሲሆን ቆዳ ላይ ሲነካም ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳል። አቼቶም ሆነ አሲድ ከበረኪና ጋር አይቀላቀልም፤ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በአንድ ባልዲ ተራ በተራ መጠቀምም ያው ነው።

አቼቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለጥፎበት ሲነኩት ለስላሳ ሆኖ ደመና መሰል ጥላ የሚቀር ከሆነ፣ ሲሚንቶው ወርዷል፤ የቀረው የተጎዳው መስታወት ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ፒኤች መጠኑ ከ12 በላይ የሆነ ኃይለኛ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ለቀናት ከቆየ መስታወቱን ይበላዋል። በዝናብ ወቅት ካልደረቀ ልስን ላይ ታጥቦ በመስታወት ላይ የሚወርደው ውሃም እንዲሁ ያደርጋል። ይህን በሴሪየም ኦክሳይድ ዱቄት የሚያለሰልሱ ባለሙያዎች አሉ፤ ለአንድ ተራ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት ግን መቀየሩ ይቀላል።

አልኮል፣ ነጭ ጋዝ ወይስ ቲነር?

ከደካማው ይጀምሩ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል የፕላስቲክ ቀለምን ያላላል፤ የተነከረ ጥጥ 5 ደቂቃ ያሳርፉበት። ነጭ ጋዝ ለፕላስተር ሙጫና ለትኩስ የዘይት ቀለም ይሆናል፤ ቅባቱ ስለሚቀር በኋላ በሳሙና መታጠብ አለበት። ቲነርና አሴቶን የደረቀ የዘይት ቀለምን ያነሳሉ፤ ዋጋቸው ግን ፍሬሙ ላይ ይታያል። በቀለም ዱቄት የተቀባን አሉሚኒየም ያደበዝዛሉ፣ ፒቪሲን ያለሰልሳሉ፣ በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ጎማ ያሳብጣሉ። ስለዚህ መስታወቱ መሃል ላይ በጥጥ ብቻ፣ ከፍሬሙ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀው ይጠቀሙባቸው። ሁሉም እሳት ይይዛሉ፤ ምድጃ፣ ሲጋራና ብየዳ በሌለበት፣ መስኮት ተከፍቶ ይሠራ። የተነከረውን ጨርቅ ቆጥ ላይ አያከማቹ።

ፍሬሙ ምርጫውን ይወስናል

አሉሚኒየም አሲድንም አልካሊንም አይችልም። ከሁለቱ የሚጠብቀው ቀጭን የኦክሳይድ ሽፋን የሚጸናው ከፒኤች 4 እስከ 8 ባለው መካከል ስለሆነ ሲሚንቶው ራሱም ጠላቱ ነው። አኖዳይዝድ (የኦክሳይድ ሽፋኑ በፋብሪካ የወፈረ) ከሆነ ሽፋኑ በአብዛኛው ከ10 እስከ 25 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ)፣ በቀለም ዱቄት ከተቀባ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ነው። ፍንጣሪው ትኩስ እያለ በእርጥብ ጨርቅ ቢነሳ ምንም አይቀርም፤ ሳምንት ከቆየ በኋላ ሲነሳ ቦታው ነጭ ጥላ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ላይ የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው፦ ለአሉሚኒየም ፍሬም የብረት መፋቂያ አይንካው፤ ሳሙና፣ የፕላስቲክ መፋቂያና ትዕግሥት ብቻ።

ከፋብሪካ የመጣው ስስ ፕላስቲክ ልባስም ያታልላል። ጥበቃ ነው ብሎ ለዓመት የሚተወው አለ። ፀሐይ የመታው ልባስ ሙጫው ይጋገራል፣ ፕላስቲኩ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያ በኋላ በጥፍር ብጥስ ብጥስ እያለ ነው የሚነሳው። ልስንና ቀለም እንዳለቀ ይግፈፉት። ዘግይተው ከሆነ ሙቅ ውሃ የነከረ ጨርቅ አሳርፈው ሲለሰልስ ቀስ ብለው ይላጡ፣ የቀረውን ሙጫ በነጭ ጋዝ ይጥረጉ፣ በሳሙና ያጥቡ።

የተንሸራታች አሉሚኒየም መስኮት የታችኛው ሐዲድ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። እዚያ የተሰበሰበው የሲሚንቶ ፍርፋሪ ሮለሩን ይበላዋል፤ መስኮቱ ለመግፋት የሚከብደው ለዚህ ነው። በውጭ በኩል ያሉት ትንንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በልስን ከተደፈኑ ደግሞ በክረምት ውሃው ወደ ቤት ይመለሳል፣ ሰውም ሲሊኮኑን ይወቅሳል። ፍርፋሪውን ደረቅ እያለ በጥርስ ብሩሽና በቫኪዩም ያውጡ፤ በውሃ ከጀመሩ ጭቃው ቀዳዳውን ይደፍናል። ቀዳዳዎቹን በእንጨት ስንጥር ይክፈቱ፣ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሐዲዱ ላይ አፍስሰው በውጭ መውጣቱን ይዩ። ለሮለሩ ዘይት ወይም ግሪስ አያድርጉ፤ አቧራ ይሰበስባል። የሲሊኮን ስፕሬይ ይበቃዋል።

በኤልቲዜድ የብረት ፍሬም ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ብረቱ በሲሚንቶ አልካሊ ብዙም አይጎዳም፤ የሚፈራው የቀለሙ መላጥና የውሃ መቆየት ነው። ሲሚንቶውን በስፓቱላ መፋቅ ይቻላል፤ ቀለም ከተነሳ ግን በዚያው ቀን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው አንቲረስት ያስነኩት። መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ገና ትኩስ ከሆነ በጥንካሬ አይሹት፣ ቲነርም አያስጠጉት። የፒቪሲ ፍሬም በሳሙና ውሃ ይጠራል፤ ከቲነርና ከአሴቶን ይጠብቁት። እንጨት ከሆነ ደግሞ ውሃው ትንሽ ይሁን፤ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይጠቀሙ፣ ወዲያው ያድርቁ፣ ቨርኒሹ የተነሳበትን ቦታ ክረምት ሳይገባ ያስቀቡ።

ራስዎ ወይስ ሌላ ሰው?

የውስጡን በራስዎ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለት ሰው የአንድ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም መስኮቶችን ሳይጣደፍ በአንድ ቀን ይጨርሳል። ጥያቄው የውጭው ገጽ ላይ ነው። ከምድር በላይ ባለ ወለል ደፍ ላይ ተቀምጦ መሥራት በምንም ዋጋ አይገባም። ተንሸራታች ከሆነ ከውስጥ ሆነው ወደ ላይ አንስተው የታችኛውን ጠርዝ ወደ ራስዎ በመሳብ ማውጣት ይቻላል፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው። 6 ሚሊ ሜትር መስታወት ብቻውን በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ይመዝናል፣ ፍሬሙ ሳይቆጠር። ቋሚ መስታወት ወይም ሦስተኛ ፎቅና ከዚያ በላይ ከሆነ ገመድና መታጠቂያ ያለው ባለሙያ ይጥሩ።

የቀን ሠራተኛና የጽዳት ድርጅት መካከል ሲመርጡ ዋጋውን ብቻ አይጠይቁ። በምን እንደሚያጸዱ ይጠይቁ፤ «በአሲድ ቶሎ ይለቃል» የሚል መልስ ከመጣ እዚያው ይቁም። ከመጀመራቸው በፊት መስታወቶቹን በውሃ አለቅልቀው በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ አቧራ ያለበትን መስታወት ማንሳት ጭረቱ ከማን እንደመጣ አያሳይም። ክፍያውን በቀን ሳይሆን በመስኮት ይስማሙ፣ የመጀመሪያው መስኮት ሙከራ ይሁንና በቀን ብርሃን አይተው ይቀጥሉ። ምላጩንና ጨርቁን እርስዎ ገዝተው ቢሰጡ ይሻላል። በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ሠራተኛ አንዱን ምላጭ ለቤቱ ሁሉ ያብቃቃዋል።

ሥራው ገና ካልተጀመረ ደግሞ መሸፈን ከሁሉም ይቀላል። ስስ ፕላስቲክና የወረቀት ፕላስተር ይበቃል፤ ቡናማውን የካርቶን ፕላስተር ፍሬም ላይ አይለጥፉ፣ ሙጫው አይለቅም። የወረቀቱም ቢሆን ፀሐይ በሚመታው በኩል ከሁለት ቀን በላይ አይቆይ። መስታወት መኖሩ እንዲታይ በኖራ ምልክት የሚያደርጉ ሠራተኞች ካሉ ያስቁሟቸው፤ ኖራም አልካሊ ነው። ለሳኙ እያለ ከመስኮቱ ስር አንድ ባልዲ ውሃና ስፖንጅ ይኑር፤ ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ ፍንጣሪው ሳይደርቅ እንዲጠረግ ውሉ ላይ ይጻፉት።